የሰማያዊው ኬብል ጣጣ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ገጣሚ ነኝ። ግጥሙንም ቢሆን ያስተማረኝ የለም። ከመናኸሪያው ጀርባ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ፊት ቆሜ፣ "ወይ ግዛ ወይ ሂድ" እስኪለኝ ድረስ እያነበብኩ የተማርኩ ነኝ። ግጥም ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልምና በሶዶ ከተማ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት በኮንትራት መረጃ አስገቢ ሆኜ ገባሁ። በገባሁ ሰሞን የቢሮው ፕሪንተር ወረቀት ነክሶ አልለቅም አለ። ሠራተኛው ሁሉ ከብቦ ይመክራል። እኔ ወረቀቱን ጎተትኩት፤ ለቀቀ።

ጉዴ የጀመረው ያኔ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሜ "አይቲው" ሆነ። መብራት ሲጠፋ "አይቲው የት ሄደ?" ይባላል። የግድግዳው ሰዓት ሲቆም እኔ እጠራለሁ። አንድ ጊዜ የኃላፊው ቢሮ ቁልፍ አልዞር ሲል እንኳ "እስቲ አይቲው ይሞክረው" ተባለ። ሞከርኩት። ቁልፉ በሩ ውስጥ ተሰበረ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ባለሙያ የሰበረው ነገር እንደ ጥገና ይቆጠራል መሰለኝ።

"አይ፣ እኔ አልችልም" እንዳልል ኮንትራቴ ሰኔ ሲያልቅ ያልቃል። ኮንትራቱ ደግሞ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዱቦ ውስጥ ምሕረት የምትባል ልጅ አለች። አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ ጠባዬ፣ ስለ ጎሳዬ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪነቴ (እዚህ ላይ ትንሽ ጨምረዋል) ሲያወሩ ዋሉ። አባትየው ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ልጁ ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ለጊዜው ኮንትራት ነው" አሉ።

"እንግዲያው ልጅቷም ለጊዜው እዚሁ ትሁን" አሉ አባት፣ የሚያቃጥለውን የዳጣ ማባያ ሳህን ወደ እንግዶቻቸው እያስጠጉ። ሽማግሌዎቹ ምግቡ ግሩም እንደነበረ በዝርዝር ነገሩኝ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራችሁን ስታነቡ፣ የምሕረት አባት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጀርባዬ ቆመዋል እንበል። እኔ ያን ሰኔ የኖርኩት እንደዚያ ነው።

መሥሪያ ቤታችን "ሼር" የምንለው ነገር ነበረው። ቢፒአር የሚባለው ለውጥ በመጣ ጊዜ የክፍሎቹ ግድግዳ ፈርሶ ሁላችንም በአንድ አዳራሽ ተቀመጥን። በአዳራሹ ጥግ፣ ጸሐፊያችን ዘነበች በሠራችው ዳንቴል የተሸፈነ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ሰርቨር እንለዋለን። የሁላችንም ፋይል የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከየጠረጴዛው የሚወጣው ኬብል መሬት ለመሬት ተጎትቶ፣ ስዊች የሚባል መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚል ትንሽ ሳጥን ላይ ይሰካል። ሳጥኑ ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኘናል። በዚህ ዓይነት የእቅድ ባለሙያው አቶ ማጆ የጻፈውን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ አስቴር ወንበሯ ላይ ሆና ታነበዋለች። ጥሩ ነገር ነበር። ሰው ሳይነሳ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ማን ይጠላል?

አንድ ጠዋት ይህ ሼር ታመመ። ሞተ እንዳልል አልሞተም፤ ቢሞት ይሻለኝ ነበር፤ ለሞተ ነገር ደብዳቤ ተጽፎ ሌላ ይገዛል። ሼር ግን ዘገየ። ፋይል ስንጫን የአሸዋ ሰዓቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ ትላለች፤ ትገለበጣለች፤ ደግሞ ትገለበጣለች። አቶ ማጆ ሪፖርቱን ጠዋት ተጭኖ ወጣ። ሻይ ጠጣ፣ ጫማውን አስጠረገ፣ ኦቶና ሆስፒታል የተኛ ዘመዱን ጠይቆ በባጃጅ ተመለሰ። የአሸዋ ሰዓቷ እዚያው ናት። የታመመው ዘመዱ ግን ተሽሎታል አለን።

"አይቲው!"

ያ ድምፅ አሁንም በሕልሜ ይመጣብኛል። ጊዜው የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ የዓመቱ ሪፖርት ሐዋሳ መድረስ አለበት፤ ሪፖርቱ ደግሞ ያለው ሼር ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰርቨሩን አጠፋሁትና መልሼ አበራሁት። እውነቱን ለመናገር የማውቀው ሕክምና ይኸው ብቻ ነው። አልሠራም። ቀጥዬ ፊቴን ኮስተር አድርጌ "ቫይረስ ነው" አልኩ። ቫይረስ በጣም ጥሩ ቃል ነው። ማንንም አይወቅስም፣ ማንም አይቶት አያውቅም፣ ጊዜም ይሰጣል። አንቲቫይረስ ጫንኩበት። አንቲቫይረሱ ራሱ ዘገምተኛ ሆኖ አረፈው፤ ለሁለት ተደጋግፈው ያዘግሙ ጀመር።

ሼር ውስጥ ገብቼ ምን ከብዶት ይሆን ብዬ ስቆፍር ያገኘሁት መዝሙር ነው። የእነ አቶ ማጆ የኳየር ቪዲዮ አለ። የእነ አስቴር የበገና መዝሙር አለ። የሰርግ፣ የምርቃትና የአንድ በሬ ፊልም አለ፤ የበሬውን ባለቤት እስከ ዛሬ አላወቅነውም። የእኔም ግጥሞች ነበሩ። ግጥም ቦታ አይፈጅም፤ እነሱን አልነካኋቸውም።

ኳየሩ ከሁሉ የገዘፈ ስለነበር ወደ ሌላ ኮምፒውተር ላሻግረው ከእሱ ጀመርኩ። ወዲያው አቶ ማጆ ከአናቴ በላይ ቆሟል።

"ከእኛ የጀመርከው ለምንድን ነው?"

"ትልቅ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።"

"መዝሙር በኪሎ ነው እንዴ?"

ኳየሩን መለስኩና ከበገናው ጀመርኩ። አስቴር ሒሳቧን ትታ ተነሳች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጩኸት በባሰ ሁኔታ፣ "በሐዋርያት ጾም?" አለችኝ። "ሌላ ጊዜ አጥተህ በሐዋርያት ጾም?"

በመጨረሻ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያልኩ፣ ሁለቱም ወገን ግራና ቀኝ ቆሞ እየተቆጣጠረኝ አሻገርኩት። ሼር ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም መዝሙሩ ሲወጣለት ባሰበት።

አሁን ስለ ኃላፊያችን ስለ አቶ አንጁሎ ልንገራችሁ። ጥሩ ሰው ናቸው። ሰው አይሰድቡም፣ ከልቅሶ አይቀሩም። በቅርቡ ሐዋሳ ላይ የካይዘን ሥልጠና ወስደው ተመልሰዋል። ከተመለሱ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ አዳራሹን አገላብጠውታል። እስክሪብቶ የሚቀመጥበት በቀለም ተከበበ፤ የመጥረጊያው ቦታ ግድግዳው ላይ ተጻፈ። "ሁሉም ነገር ቦታ አለው፤ ሁሉም ነገር በቦታው!" ይላሉ። የተዝረከረከው ሁሉ "በፊት" በሚል፣ የተስተካከለው "በኋላ" በሚል ፎቶ ተነስቶ በር ላይ ባለ ሰሌዳ ተለጠፈ። ከክልል ገምጋሚ ቡድን መጥቶ ሰሌዳውን ከአዳራሹ ጋር ሊያመሳክር ነው።

አቶ አንጁሎ ስለ ሼር መዘግየት ሲሰሙ በዚያ ዘመን ሁሉም ኃላፊ የሚያደርገውን አደረጉ። ግምገማ ጠሩ።

"ችግሩ የአቅም አይደለም" አለ አቶ ማጆ ብድግ ብሎ። "የአመለካከት ነው።"

"የማን አመለካከት?" አለች አስቴር።

"የሁላችንም።"

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የሁላችንም የሆነ ጥፋት ለማንም አይከብድምና ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ዓይኑ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ተሰበሰበ። ተነሳሁ። "እኔ በግሌ" አልኩ፣ ግለ ሂስ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ፣ "እኔ በግሌ ሰርቨሩን በቅርበት ባለመደገፌና ባለመከታተሌ ጉድለት አሳይቻለሁ።" ሰርቨሩ ከአጠገቤ ዳንቴሉን ደፍቶ ዝም ብሏል። ለግለ ሂስ ዕድል ቢሰጠው ኖሮ ስንት ነገር በነገረን! በመጨረሻ ሰርቨሩ "ሐ" ደረጃ ተሰጠው። እኔን ከሰርቨሩ፣ ከፕሪንተሩና ከፎቶ ኮፒው ጋር በአንድ ለአምስት አደራጁን፤ ጠርናፊ እኔ ሆንኩ። አምስተኛ አባል ስለጎደለን የሻይ ማፍያው ተጨመረልን።

ስንወጣ አቶ አንጁሎ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። "ልጄ፣ ገምጋሚዎቹ ሳይመጡ አስተካክለው። ያንተም የኮንትራት ጉዳይ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው።" በቁጣ ቢናገሩኝ ምንኛ በተሻለኝ። በፍቅር ነው የተናገሩት።

ምሳ መብላት ተውኩ። እናቴ ቀቅላ ያቀረበችልኝን የቦዬ ሥር እያገላበጥኩ "ኬብል ይሆን? ኤሌክትሪክ ይሆን?" ስል፣ "ታ ናዓው፣ ልጄ፣ ምን ሆነሃል?" ትለኛለች። "ሼር" እላታለሁ። እናቴ ሼር የምትባል ሴት ያለች መስሏት ስለ ምሕረት ተጨነቀች።

በማግስቱ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ሠራተኛው እንደ ልማዱ ወደ ግቢ ወጥቶ የዳሞታን ተራራ እያየ ማውራት ጀመረ። እኔ ጭንቀቴን ይዤ ከስዊቹ ሥር ተቀምጬ ቀረሁ። መብራት ሲመለስ ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ነበር። ያቺን ሳጥን በደህና ዘመኗ አውቃታለሁ። መብራቶቿ እንደሚጨዋወቱ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። አሁን ግን ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ይንቀጠቀጣሉ። ግጥም ውስጥ ቢሆን "እብድ ከዋክብት" እላቸው ነበር። ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ መልሼ መሰካት ጀመርኩ። የአቶ ማጆን ነቀልኩ፤ ምንም። የአስቴርን፤ ምንም። አንድ ሰማያዊ ኬብል ነቀልኩ፤ መብራቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በወጉ፣ ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ኬብሉን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ወደ የትኛው ጠረጴዛ ይሆን የሚሄደው ብዬ ስጠብቅ፣ ዞሮ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ተመልሶ መጥቶ እዚያችው ሳጥን ላይ ተሰክቷል። ሁለቱም ጫፎቹ አንዲት ሳጥን ላይ!

ይህ ምን ጥፋት አለው ትሉ ይሆናል። የሶዶን ወሬ አስቡት። አንድ ሰው መናኸሪያው ጋ አንዲት ነገር ይናገራል፤ ወሬው ከተማውን ዞሮ፣ አብጦ፣ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሰውዬው አዲስ ወሬ መስሎት ደግሞ ይናገረዋል። እንደገና ይዞራል። እስከ ማታ በከተማው ውስጥ ከዚያ ወሬ በቀር ሌላ ነገር ማለፍ አይችልም። የእኛ ሳጥንም እንደዚያ ሆና ነበር። በአንዱ ቀዳዳ ያወጣችውን በሌላው እየተቀበለች፣ እየደጋገመች ስትለፈልፍ፣ የአቶ ማጆ ሪፖርት ከዚያ ሁሉ ግርግር በስተጀርባ ተራ ይዞ ይጠብቃል።

"ማነው ይሄን የሰካው?" አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

"አቶ አንጁሎ ናቸው" አለች ዘነበች ከጠረጴዛዋ፣ ጥፍሯን እያየች።

ኬብሉን እንደያዝኩ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ከሥልጠና የተመለሱ ዕለት ነው። ግድግዳው ሲፈርስ የዚያ ክፍል ኬብል ቀርቶ፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ ነበር አይደል? 'ይሄ ለምን ይንጠለጠላል? ሁሉም ነገር ቦታ አለው' አሉና ኮታቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ ባዶ ቀዳዳ ፈልገው ሰኩት። ባትሪ ያበራሁላቸው እኔ ነኝ።"

"ዘነቡ! ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ? ቫይረስ ነው አልክ እኮ፣ አንተ ገጣሚ።"

ኬብሉን እንደተነቀለ ተውኩት። ሠራተኛው ከግቢ ሲመለስ ሼር ይበራል። ፋይል ገና ሳይጫኑት ይከፈታል። አዳራሹ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። አቶ ማጆ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና "አየህ?" አለኝ። "አመለካከት ነው አላልኩም?" የግምገማው ውጤት ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ።

በማግስቱ ጠዋት ገና በር ላይ ስደርስ "አይቲው!" የሚለውን ሰማሁ። ሼር ተመልሶ ታሟል። ሮጬ ስዊቹ ጋ ደረስኩ። ሰማያዊው ኬብል በቦታው ተሰክቷል። ሰሌዳው ላይ ስመለከት "በኋላ" ከሚሉት ፎቶዎች መካከል፣ ከላይ፣ በመሃል፣ ያ ኬብል ሁለት ጫፉ ሳጥኗ ላይ ተሰክቶ ያምራል።

ቁርጤን አወቅሁ። ነቅዬ ልደብቀው አልችልም፤ ፎቶው አለ። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ቢሮአቸው ገባሁ። በመንገዴ ላይ ንግግሬን በቃሌ አጥንቻለሁ፤ ቤት እስከሚመታ ድረስ አሳምሬዋለሁ።

"ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ። ምነው ከሳህ?"

"ስለ ሰማያዊው ኬብል ነበር፣ ጋሼ…"

"አየኸው!" ፊታቸው በራ። "አንተም አየኸው! ትናንት አንዱ ነቅሎት ሄዷል፣ ዛሬ ጠዋት ራሴ መልሼ ሰካሁት። ሰዉ ማዝለቅ የሚባለው ላይ ችግር አለበት። እኔ ሥልጠና ላይ ሆኜ ያ የሚንጠለጠል ኬብል ነበር በዓይኔ የሚመጣው። ቢሮ ገብቼ መጀመሪያ በእጄ ያስተካከልኩት እሱን ነው።" ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የኮንትራት ፋይሌን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ክርናቸውን አሳረፉበት። "ምን ልትለኝ ነበር?"

አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው "በጣም ያምራል" የሚል ነው።

ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ባለፈው ክረምት መብረቅ የመታው አንድ ስዊች እዚያ ተጥሎ እንደነበር ትዝ ብሎኛል። ንብረት ክፍሉ በደስታ ሰጠኝ፤ እስከዚያ ቀን የሞተ ዕቃ አምጡልኝ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ የሞተውን ሳጥን ከደህናው አጠገብ ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርኩት፤ የሰማያዊውን ኬብል ሁለት ጫፎች ነቅዬ እሱ ላይ ሰካኋቸው። ኬብሉ አልተንጠለጠለም። ቦታ አለው። በቦታውም ነው። የሚለፈልፍበት ጆሮ ግን የለውም።

ሼር በረረ።

አቶ አንጁሎ ከምሳ ሲመለሱ አዲሱ ሳጥን ፊት ቆሙ። እኔ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ቆሜ፣ የአንድ ለአምስት አባሌ ነውና ይሸፍነኛል ብዬ፣ አሾልቄ አያለሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለኬብሉ… የራሱ ቦታ ነው፣ ጋሼ።"

ረጅም ጊዜ አዩት። "የራሱ ቦታ" አሉ ቀስ ብለው፣ አንድ ሰው ጥሩ ስንኝ ሲሰማ እንደሚያደርገው። ካሜራ አስመጡና አዲስ ፎቶ አነሱ። ከሥሩም "የኔትወርክ ማስፋፊያ" ብለው ጻፉ። ማስፋፊያ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ይህም ይታወቅልኝ።

ገምጋሚዎቹ መጡ፤ አዩ፤ ሪፖርቱ ሳይንቀራፈፍ ተከፈተላቸው። ማስፋፊያው "ምርጥ ተሞክሮ" ተባለ። ምርጥ ተሞክሮ ደግሞ በዚያ ዘመን ባለበት አይቀመጥም፤ ተቀምሮ ይሰፋል። ብዙም ሳይቆይ የየወረዳው ሠራተኞች ልምድ ሊቀስሙ በሚኒባስ ተጭነው መጡ። እኔ አስረጂ ሆኜ ተመደብኩ።

አቶ አንጁሎ ሳጥኑ ፊት ቆመው ስለ ማስቀመጥ ሲናገሩ፣ እንግዶቹ ማስታወሻ ይይዛሉ፤ አንዷ ሥዕሉን ትነድፋለች። ከበዴሳ የመጣ ታደለ የሚባል ቀጭን ልጅ ግን አይጽፍም። እሱም እንደኔ የወረዳው "አይቲው" ነው። አንገቱን አስግጎ ከሳጥኑ ጀርባ ተመለከተ። ከሥሩ ተመለከተ። ጣቱን ሰዶ ዳበሰ።

"ይሄ የመብራት ገመድ የለውም" አለ።

አቶ አንጁሎ ዞረው አዩኝ። አቶ ማጆ አየኝ። ከሁሉም በስተጀርባ የምሕረት አባት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩኝ።

"ያለ መብራት ነው የሚሠራው" አልኩ።

እውነት ነበር። ታደለ ፊቴን አየ። ኬብሉን አየ፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በዓይኑ ተከተለው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየ። በመጨረሻ አቶ አንጁሎን ከእግር እስከ ራስ አያቸውና ነገሩ ገባው።

"መብራት ሲጠፋም አይቆምም ማለት ነው" አለ ለእንግዶቹ ዞሮ፣ ፈገግ ሳይል። "ለኛ ወረዳ በጣም ያስፈልገናል።" እንግዶቹ ይህን በፍጥነት ጻፉ።

ሲወጡ በር ላይ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "ታ ኢሻው" አለኝ በሹክሹክታ፣ በወላይትኛ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ "የኛም ኃላፊ ባለፈው ሳምንት ከሥልጠና ተመልሰዋል። ሌላ የሞተ ይኖራችኋል?"

ሰኔ ከማለቁ በፊት አቶ አንጁሎ ጠሩኝ። "ቋሚ እንድትሆን ጽፌልሃለሁ፤ ተፈቅዷል" አሉኝ። "ያን ማስፋፊያ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው ያሳመንኳቸው።" ሽማግሌዎቼ በዚያው ሳምንት ዱቦ ሄዱ። አባትየው በዚህ ጊዜ ምንም አልጠየቁም፤ ዳጣውን ብቻ አስጠጉ።

እና ዛሬም፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ እገባና ሳጥኑን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ብሎኖቹ መጥበቃቸውን አያለሁ። አንዱ አዛኝ ተነስቶ መብራት እንዳይቀጥልለት፣ አጠገቡ ያለውን ሶኬት በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ፕሪንተሩ ተበላሽቷል፣ ፎቶ ኮፒው ተበላሽቷል፣ ሰርቨሩ በዓመቱ ተቀይሯል። እሱ ብቻ እስካሁን አንድም ቀን አልተበላሸም።